አጥርና ሙሌት ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል ወይ? በጎርፍ መውረጃ ዳር ስለ መገንባት የተነሣ ጥያቄና የተሰጡት ምላሾች

ጥያቄውን በኢንተርኔት የውይይት መድረክ ላይ ያነሣሁት እኔ ስለሆንኩ፣ የመጡትን ምላሾች ሰብስቦ በየተራቸው የማቅረቡም ሥራ የእኔ ሆኗል። የእያንዳንዱን ጸሐፊ ቃል እንዳለ ከመገልበጥ ይልቅ ሐሳቡን በራሴ አነጋገር ማስቀመጥ መርጫለሁ፤ ምክንያቱም ከመካከላቸው ሁለት ሦስቱ በንዴት የጻፉትን ዛሬ ረጋ ብለው ቢያነቡት ደስ የሚላቸው አይመስለኝም።

መነሻ ጥያቄ። እናቴ አባይን ተሻግሮ በሚገኝ አንድ የባሕር ዳር ሰፈር ከሃያ ዓመት በላይ ኖራለች። ከግቢዋ ጀርባ በበጋ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት፣ በክረምት ግን ከላይ ካለው ማሳና መንደር የሚወርደውን ጎርፍ ሰብስቦ ወደ አባይ የሚያደርስ ስም የሌለው ደረቅ ወንዝ አለ። ውሃው ግቢ በገባ ቁጥር እናቴ የደረሰበትን ከፍታ በበሩ መቃን ላይ በከሰል ታሰምራለች። የመጀመሪያው መስመር ከደፉ ጥቂት ከፍ ይላል፤ ሁለተኛው ቁርጭምጭሚት ይደርሳል፤ ያለፈው ነሐሴ የተሰመረው ግን ከጉልበት በላይ ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል የተለወጠው ነገር አንድ ነው፤ ከወንዙ ማዶ ያሉት ጎረቤታችን ቦታቸውን በሲኖትራክ በተመላለሰ ገረጋንቲ አስሞልተው፣ በወንዙ ጠርዝ ላይ ከሰው ቁመት የሚበልጥ የድንጋይ አጥር አስገነቡ። በአክብሮት ስንጠይቃቸው፣ ለቤቱ ፈቃድ የሚያወጡት በሚቀጥለው ዓመት እንደሆነ፣ ለአጥርና ለሙሌት ግን ፈቃድ እንደማያስፈልግ ነገሩን። ጉዳዩን ይዤ የሄድኩበት ጽሕፈት ቤት ባልደረባም ከወንበሩ ሳይነሣ ይህንኑ ደገመልኝ። ስለዚህ ነገሩ እውነት ነው ወይ፤ እውነት ከሆነስ የውሃውን መንገድ የሚመለከተው ማን ነው ብዬ ጠየቅሁ።

1ኛ ምላሽ። ሥራቸው የሕንፃ ንድፍ እንደሆነ የገለጹ ሰው ከሰላምታና ለእናቴ ከላኩት መልካም ምኞት በኋላ በቀጥታ ወደ ሕጉ ገብተዋል። ለረጅም ዓመታት የተሠራበት የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 አሥር ሺህና ከዚያ በላይ ነዋሪ ባላቸው ከተሞች ተፈጻሚ የሚሆን፣ ከከተማው የሕንፃ ሹም ፈቃድ ሳይሰጥ ግንባታ መጀመርን የሚከለክል፣ ሕንፃዎችንም በሦስት ምድብ የሚከፍል መሆኑን አብራርተዋል። ምድብ «ሀ» በተሸካሚ ምሰሶዎቹ መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር የማይበልጥ ባለ አንድ ወለል ቤት ዓይነቱን ይይዛል፤ ምድብ «ሐ» የሕዝብ መገልገያዎችን፣ ፋብሪካዎችንና ከ12 ሜትር በላይ የሚረዝሙትን ይጨምራል፤ «ለ» በመካከል ያለው ነው። ጸሐፊው ማስተላለፍ የፈለጉት ግን ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ነው። ምድቡ የሚወሰነው በሕንፃው ስፋት፣ ቁመትና አገልግሎት እንጂ በሚቆምበት ቦታ አይደለም፤ ስለዚህ ወንዝ መካከል የተቀመጠች ባለ ሦስት ክፍል ቤት ከሁሉ በቀለለው ምድብ ውስጥ ትገኛለች። የቦታው ነገር የሚነሣው በፕላን ስምምነት ደረጃ፣ ማመልከቻው ከከተማው ፕላን ጋር በሚመሳከርበት ጊዜ ነው፤ በፕላኑ ላይ ያልተሣለ ደረቅ ወንዝ ደግሞ በጠረጴዛ ላይ የለም ማለት ነው። ከሁሉም ምላሾች እኔን ይበልጥ ያስደነገጠኝ ይህ የመጀመሪያው ነበር፤ የተጻፈውም በጣም በለዘበ ቋንቋ ነው።

2ኛ ምላሽ። የሕግ ባለሙያ የሆነች ሴት ጉዳዩ በሕንፃ ሕግ ብቻ እንደማይታይ አስታውሳ፣ የኢትዮጵያ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992ን አንሥታለች። በዚህ አዋጅ የውሃ ሥራ መገንባት፣ ውሃ ማቅረብ፣ ፍሳሽ ወደ ውሃ አካል መልቀቅ ፈቃድ የሚጠይቁ ተግባራት ሲሆኑ፣ በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ፣ ባህላዊ መስኖ፣ ባህላዊ ማዕድን ማውጣት፣ ባህላዊ የከብት እርባታና የውሃ ወፍጮ ከፈቃድ ነጻ ተደርገዋል። በዝርዝሩ ውስጥ አጥር የለም፤ ሙሌትም የለም። ነገር ግን በነጻው ዝርዝር አለመኖራቸው ብቻውን ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል እንደማያሰኝ ጥንቃቄ በተሞላበት አገላለጽ አስረድታለች፤ ምክንያቱም አጥር በውሃ ለመጠቀም የሚሠራ ነገር ስላልሆነ የውሃ ሥራ ነው ለማለት ያስቸግራል። የበለጠ የሚጠቅመኝ የውሃ አካላት ዳርቻን የሚመለከተው ድንጋጌ መሆኑንም ጠቁማለች። በዚያ መሠረት ተቆጣጣሪው አካል ከሚመለከታቸው ጋር ተማክሮ የአንድን ውሃ ዳርቻ ሊከልል፣ በተከለለውም ውስጥ ዛፍና ዕፅዋት መመንጠርንና የመኖሪያ ቤት መሥራትን ሊከለክል ይችላል። አዋጁ በሜትር የተቀመጠ ርቀት አልሰጠም፤ ሥልጣኑን ነው የሰጠው። ስለዚህ በየወንዙ ሄዶ ችካል የሚተክል እስካልተገኘ ድረስ ክልከላው በወረቀት ላይ ይቀራል።

3ኛ ምላሽ። ይህ አጭርና ሻካራ ነበር። ሕግ የሚሠራው ጨረቃ ቤት ለሠራ ምስኪን ብቻ እንደሆነ፣ ሲኖትራክ የሚያቆም ሰው አዋጅ እንደማያነብ ገልጾ፣ ጊዜዬን ከማጠፋ እናቴን ወደ ሌላ ሰፈር ብወስዳት እንደሚሻል መክሮኛል። ምክሩን አልተቀበልኩም፤ ነገር ግን ከሥሩ ከሃምሳ በላይ ሰዎች ስምምነታቸውን እንደገለጹ ማየቴን መደበቅ አልፈልግም።

4ኛ ምላሽ። ረጅሙ ምላሽ የመጣው ከአሜሪካ ነው። በኢንዲያና ግዛት በአንድ አነስተኛ ከተማ የግንባታ ፈቃድ ጽሕፈት ቤት የሚሠራ የባሕር ዳር ልጅ፣ እዚያ ያለው አሠራር ለእኛ እንዳለ እንደማይገለበጥ አስቀድሞ ተናግሮ፣ ግን ነገሩን ለማሰብ እንደሚረዳ ጽፏል። እዚያ ጎርፍ የሚተኛበት መሬት በሁለት ይከፈላል። አንደኛው የወንዙ ገንዳና ከግራ ከቀኝ ያለው፣ ትልቁ ጎርፍ ሲመጣ ውሃው በኃይል የሚሄድበት መውረጃ ነው፤ ሁለተኛው ውሃው ደርሶ የሚንጣለልበት፣ ፍጥነት የሌለው ጠርዝ ነው። በጠርዙ ላይ ወለልን ከፍ አድርጎ መሥራት ይፈቀዳል፤ በመውረጃው ላይ ግን በፌዴራሉ ደንብ መሠረት ሙሌትም ይሁን አጥር ወይም ቤት፣ የውሃውን ከፍታ ምንም እንደማይጨምር በመሐንዲስ ስሌት ካልተረጋገጠ በቀር አይፈቀድም። መለኪያ የሚሆነው ጎርፍ በማንኛውም አንድ ዓመት የመከሰት ዕድሉ 1 በመቶ የሆነው ነው። ሰዎች ይህንን የመቶ ዓመት ጎርፍ እያሉ ስለሚጠሩት በመቶ ዓመት አንዴ ብቻ የሚመጣ እየመሰላቸው እንደሚዘናጉ፣ ነገር ግን የሠላሳ ዓመት የቤት ብድር ተከፍሎ እስኪያልቅ ባለው ጊዜ ቢያንስ አንዴ የመድረስ ዕድሉ 26 በመቶ ገደማ እንደሆነ አስልቶ አሳይቷል። እኔም በስልኬ ማሽን አባዝቼ አረጋግጫለሁ፤ ትክክል ነው።

መውረጃው በካርታ ላይ የሚሠመርበትን መንገድም ነግሮናል። ከግራና ከቀኝ ያለው ጠርዝ ሙሉ በሙሉ ቢሞላ የውሃው ከፍታ ምን ያህል እንደሚጨምር ይሰላል፤ ጭማሪው ከተወሰነው ልክ የሚያልፍበት ቦታ ላይ መስመሩ ይቆማል። የፌዴራሉ ልክ አንድ ጫማ፣ ማለትም 30 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ኢንዲያና ግን በ1945 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባወጣችው የጎርፍ መቆጣጠሪያ ሕግ ሥር ልኩን ከ4 ሴንቲሜትር ትንሽ ወደሚበልጥ አጥብባዋለች፤ በመውረጃው ላይ አዲስ መኖሪያ ቤት መሥራትንም በመሠረቱ ትከለክላለች። የአንድ ሰው አጥር ብቻውን ውሃውን ላይጨምር ይችላል፤ ደንቡ የሚያስበው ግን የሁሉም ሰው አጥር በአንድ ላይ ሲቆም የሚሆነውን ነው። የእናቴ ሁለተኛና ሦስተኛ የከሰል መስመር እዚህ ላይ ትዝ አሉኝ።

5ኛ ምላሽ። የጣና ሐይቅን እንደሚያጠኑ የገለጹ ሰው ለአራተኛው ምስጋና ካቀረቡ በኋላ አንድ ነገር አርመዋል፤ እርማቱ የተገባ ነበር። ብዙው የባሕር ዳር ሰው የውሃ ዳር ግንባታ ሲባል የሚያስበው የጣናን ዳርቻ ነው፤ በሐይቅ ዳር ግን የሚፈስ መውረጃ የሚባል ነገር የለም። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,786 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኝ፣ ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ፣ ጥልቀቱ ግን 14 ሜትር አካባቢ ብቻ የሆነ ጠፍጣፋ ውሃ ነው። ከወንዞች ከሚያገኘው ውሃ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ከግልገል አባይ፣ ከጉማራ፣ ከርብና ከመገጭ ይመጣል። ዝናቡ የሚበረታው በሐምሌና በነሐሴ ቢሆንም ሐይቁ ጫፉ ላይ የሚደርሰው በመስከረም ነው፤ ዝቅ የሚለውም በሰኔ ነው፤ በመካከሉ ያለው ልዩነት በአማካይ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። መሬቱ ረባዳ በሆነበት ቦታ ይህች አንድ ሜትር ተኩል ብዙ ርቀት ትሄዳለች። ውሃው በቀስታ ወጥቶ ሳምንታት ይቀመጣል፤ አጥር አያፈርስም፤ መሠረትን ግን ያረጥባል። ስለዚህ ለሐይቁ ዳር የሚያስፈልገው የከፍታ መስመር ሲሆን፣ ለእናቴ ደረቅ ወንዝ የሚያስፈልገው የስፋት መስመር ነው፤ ሁለቱን ቀላቅሎ በአንድ የሜትር ቁጥር መከልከል ሁለቱንም አይጠቅምም።

ይኸው ጸሐፊ በአባይ መውጫ ላይ ያለው ጨረጨራ ግድብ በ1988 ዓ.ም. አካባቢ ከተሠራ ወዲህ የሐይቁ ከፍታ የዝናብ ብቻ ሳይሆን የሰው ውሳኔም ውጤት መሆኑን አክለዋል። በ1995 ዓ.ም. ሐይቁ ክፉኛ ቀንሶ የጀልባ ጉዞ እስከ መቋረጥ ሲደርስ፣ በዳር የወጣውን መሬት ብዙ ሰው ለዘለቄታው የደረቀ አድርጎ እንደቆጠረውም አስታውሰዋል።

6ኛ ምላሽ። ከፎገራ የጻፉት አባት ይህንኑ ይዘው ቀጠሉ። በእርሳቸው አገር ሐይቁ ሲሸሽ የሚገኘው መሬት ባሕር ሸሽ ይባላል፤ ይታረሳል፤ ይዘራበታል፤ ቤት ግን አይሠራበትም፤ ይህንንም የሚያስከብር ፈቃድ ሰጪ ኖሮ አያውቅም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሐይቁም አልቀበል ሲላቸው ፎገራ፣ ሊቦ ከምከምና ደንቢያ በውሃ ሲዋጡ፣ ከቤታቸው ጣሪያ ላይ ሆነው ጎተራቸው ሲንሳፈፍ ማየታቸውን ጽፈዋል። ጎተራው ውሃው እስኪገባበት ድረስ ቀጥ ብሎ ቆሞ እንደሰው ይሄድ እንደነበር የገለጹበት አንድ ዐረፍተ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። ከዚያ በኋላ ወደ ሩዝ ገቡ፤ ረግረጉ መሬት ሩዝ ባይለምድ ኖሮ ሰው ሁሉ ተሰድዶ እንደነበር፣ ዛሬ ደግሞ በሩዙ ማሳ መካከል አፈር እየቆለሉ ቤት የሚሠሩ ጎረምሶች መምጣታቸውን እያዘኑ አነሡ። ሁለት ሰዎች ስለ ሩዝ ዋጋ ጠየቋቸው፤ እርሳቸውም መለሱ። እነዚያን ሦስት መልእክቶች እዘላለሁ።

7ኛ ምላሽ። እዚህ ላይ ነገሩ ሞቀ። ቤተሰቡ በደንገል እንደኖረ የገለጸ አንድ ወጣት፣ ደንገል አጭዶ ታንኳ ለሚሠራ ሰው ዳርቻው የተጠበቀ ነው እየተባለ ሲከለከል፣ በዚያው ዳርቻ ላይ ሲሚንቶ የሚያፈስ ባለሀብት ግን ልዩ ፈቃድ እንደሚያገኝ በምሬት ጽፏል። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ሲመዘገብ ዋና ቀጠና፣ ከለላ ቀጠናና የሽግግር ቀጠና ተብሎ መከፈሉን ጠቅሶ፣ ከለላው ከማን ለማን እንደሆነ ጠይቋል። አነጋገሩ ቢመርም ጥያቄው ከርዕሱ አልወጣም፤ ከፈቃድ ነጻ የሚሆነው ማን ነው የሚለው የእኔም ጥያቄ ነበርና።

8ኛ ምላሽ። በሐይቁ ዳር የመስተንግዶ ሥራ ያላቸው ሰው መልስ ሰጡ። የጀልባ ማረፊያ ከውሃ ርቆ ሊሠራ እንደማይችል፣ ጎብኚ የሚመጣው ውሃ ለማየት እንደሆነ፣ የሚያስተዳድሯቸው ሠራተኞች ብዙ እንደሆኑ፣ ዳሩን ባይዙት ኖሮ በእንቦጭና በቆሻሻ ይሞላ እንደነበር በትዕግሥት ዘርዝረው ከጨረሱ በኋላ፣ በመጨረሻው መስመር ላይ ወጣቱን ባለጌ ብለውታል። ባይሉት ጥሩ ነበር። ከዚያ በኋላ ስድስት ሰዎች ያን ቃል ብቻ ይዘው ተከራከሩ፤ ማረፊያው ተረሳ።

9ኛ ምላሽ። 2ኛውን ምላሽ የጻፈችው የሕግ ባለሙያ ተመልሳ ውይይቱን አቃናችው። የጀልባ ማረፊያውና የእንግዳ ማረፊያው ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ለይታ፣ አራተኛው ጸሐፊ በሚሠራበት አገር ይህ እንዴት እንደሚታይ ጠየቀችው።

10ኛ ምላሽ። እርሱም መለሰ። እዚያ ከውሃ ዳር ውጭ ሊሠራ የማይችል ነገር፣ እንደ ወደብና መርከብ መጠገኛ ያለው፣ ከመደበኛው መሥፈርት ለየት ያለ ፈቃድ ሊጠየቅለት ይችላል፤ አዳር ቤትና ምግብ ቤት ግን ውሃ ማየት ስለሚያምርባቸው ብቻ በዚህ አይጠቀሙም። ለተመዘገቡ ታሪካዊ ሕንፃዎች እድሳትም የተለየ አስተያየት አለ። አሮጌ ቤት በመጠገን ስም አዲስ ቤት እንዳይሠራ ደግሞ፣ የእድሳቱ ወጪ የቤቱን የገበያ ዋጋ 50 በመቶ ከደረሰ ቤቱ እንደ አዲስ ተቆጥሮ ሙሉውን ደንብ እንዲያሟላ ይደረጋል። ይህን ሁሉ ከነገረን በኋላ ለእኔ ደስ የማይል ነገር ጨመረ። በኢንዲያና የግዛቱ ፈቃድ የሚጠየቀው ውሃ የሚሰበስበው ተፋሰስ ከአንድ ካሬ ማይል፣ ማለትም ከ2.6 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ለሚበልጥ ወንዝ ነው፤ በገጠር የሚሠራ የመንገድ ድልድይም ተፋሰሱ እስከ 50 ካሬ ማይል ከሆነ ነጻ ነው። የእናቴን ደረቅ ወንዝ በሳተላይት ምስል ለክቶ ተፋሰሱ ከዚያ ልክ በታች እንደሚሆን ገምቷል። በሌላ አነጋገር ጎረቤታችን ኢንዲያና ቢኖሩ ኖሮ የግዛቱን ፈቃድ አይጠየቁም ነበር፤ የሚቀረው የአካባቢው ከተማ ደንብ ብቻ ነው። ትልልቅ ወንዞችን የሚጠብቅ ሕግ ትንንሾቹን የሚተወው የትም እንደሆነ ሳነብ፣ ተጽናናሁ ወይስ ተናደድኩ ለማለት እቸገራለሁ።

11ኛ ምላሽ። አንድ ሰው የጣናን ገዳማት አነሣ። ክብራን ገብርኤልም ሆነ የዘጌው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ከውሃው ከፍ ባለ ቦታ ላይ እንደተሠሩ፣ በጀልባ ወርዶ አቀበት የማይወጣ ምእመን እንደሌለ አስታውሶ፣ የጥንት ሰዎች ፕላን ስምምነት ሳይጠይቁ የት እንደሚሠራ ያውቁ እንደነበር ጻፈ። ደብረ ማርያም ደሴት ላይ የሚኖር ሌላ ሰው ግን የጥንቱ ሰው የመሬት ምርጫ እንደነበረው፣ የዛሬው ግን በዕጣ የወጣለትን 150 ካሬ እንደሚቀበል አስታውሶ ነገሩን ዘጋው።

12ኛ ምላሽ። ሦስተኛው ጸሐፊ ተመልሶ መጣ፤ በዚህ ጊዜ ዒላማው እኔ ነበርኩ። በመነሻው ጥያቄ ስለ እናቴ ቤት ካርታ አንዲት ቃል አለመጻፌን አስተውሎ፣ ከሃያ ዓመት በፊት በወንዝ ዳር የተሠራው ቤት ራሱ ጨረቃ ቤት እንዳይሆን ጠረጠረ። ውሃው ወደ ጎረቤት ሲሄድ ዝም ብለን፣ ወደ እኛ ሲመጣ አዋጅ መጥቀሳችን አሳቆታል። ሌሎችም ተከተሉት። አንዷ የጎረቤታችንን ስልክ አምጣና እርሳቸውም ይናገሩ እስከማለት ደረሰች።

13ኛው ምላሽ የእኔ ነው፤ በጻፍኩበት ልክ አስቀምጠዋለሁ። የእናቴ ቤት ሕጋዊ የይዞታ ማረጋገጫ አለው፤ ቤቱም በፈቃድ የተሠራ ነው። ማድ ቤቱ ግን ፈቃድ የለውም። ከሰባት ዓመት በፊት ጭሱ ወደ ዋናው ቤት እየገባ ሲያስቸግራት፣ እኔ ራሴ ከአንድ አናጺ ጋር ሆኜ በጓሮ በኩል፣ ከወንዙ ጠርዝ ሦስት እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ ማድ ቤት ሠራሁላት። መሬቱ ዘቅዘቅ ያለ ዋልካ ስለነበረ ደረቅ ግንብ ሠርተን ከኋላው አፈር ሞላን። አጥርና ሙሌት ማለት ነው። ፈቃድ መጠየቅ አለብን የሚል ሐሳብ ለአንድ ደቂቃም አልመጣብኝም፤ ማድ ቤት ነዋ። ይህን ስጽፍ ውይይቱ ለግማሽ ቀን ያህል ዝም አለ።

14ኛ ምላሽ። ዝምታውን የሰበሩት በአንድ ወቅት በማዘጋጃ ቤት የቁጥጥር ሥራ ላይ የነበሩ ሰው ናቸው። ስለ ማድ ቤቱ አልፈረዱብኝም፤ ይልቁንም ቀዳዳው የት እንዳለ ከውስጥ ነገሩን። ተቆጣጣሪ ወደ ቦታው የሚሄደው መሠረት ሲወጣ፣ ብረት ሲታሰርና ሶሌታ ሲሞላ ነው፤ ሙሌት ደግሞ ከዚህ ሁሉ በፊት ይመጣል። ተቆጣጣሪው ሲደርስ የሚያየው ደልዳላ መሬት ነው፤ ቀድሞ ጉድጓድ እንደነበረ የሚነግረው የለም። በሰነዶቹም ላይ ሙሌት የሚጻፈው በሜትር ኩብና በብር፣ እንደ ወጪ ነው፤ ውሃውን የት እንደሚገፋው የሚጠየቅበት ዓምድ የለም። እርሳቸው በነበሩበት ጊዜ አንድ መንገድ ሥር የተቀበሩ ሁለት ቱቦዎች በየክረምቱ በፌስታልና በባሕር ዛፍ ቅጠል እየተደፈኑ ሰፈሩን ሲያጥለቀልቁ፣ ቅሬታው የሚመጣው ለመንገዱ ክፍል፣ መልሱም ጽዳቱን ይመለከታል የሚል እንደነበር አጫውተውናል። ከላይ ያሉት ግቢዎች አንድ በአንድ መሞላታቸውን ግን የትኛውም ክፍል አልመዘገበም፤ እያንዳንዱ ከመለኪያ በታች ነበርና።

15ኛ ምላሽ። ከድሬዳዋ የጻፈ ሰው ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ለሊት ደቻቱ ወንዝ ከ250 በላይ ሰዎችን እንደወሰደ አስታወሰን። የአሸዋው ገንዳ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ ስለሚሆን ገበያ ይቆምበት፣ ቤት ይጠጋው እንደነበር፣ በዚያች ሌሊት በከተማው ውስጥ ብዙ ዝናብ ሳይኖር ውሃው ከደጋው እንደወረደ ጻፈ። ሌላ ነገር አልጨመረም። ከእርሱ በኋላ የጻፉት ሁሉ ድምፃቸው ረገብ ያለ ነበር።

16ኛ ምላሽ። የመጀመሪያው የንድፍ ባለሙያ ተመልሰው ተግባራዊ ምክር ሰጡኝ። በቃል የተነገረኝን መልስ እንደ መልስ እንዳልቆጥር፤ ጥያቄውን ለሕንፃ ሹሙ በጽሑፍ እንዳቀርብ፤ በመዝገብ ቤት ገቢ አስደርጌ ቁጥሩን በቅጂዬ ላይ እንዳስጽፍ፤ የምጠይቀውም ጎረቤቴ እንዲቀጡ ሳይሆን የወንዙ ስፋት በባለሙያ ተለክቶ በፕላኑ ላይ እንዲሰፍር እንዲሆን መከሩኝ። መልሱ ካላረካኝ በአዋጁ የተቋቋመ ይግባኝ ሰሚ ቦርድ አለ። የሕግ ባለሙያዋ በዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አከለች፤ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲለቀቅ ካሳ የሚከፈለው ለሕጋዊ ባለይዞታ ስለሆነ፣ መስመሩ ሲሠመር ያለፈቃድ የተሠራው ማድ ቤት ያለ ካሳ ሊፈርስ እንደሚችል አውቄ ልግባበት። ከእናቴ ጋር ሁለት ቀን ተነጋገርንበት። ማመልከቻውን አስገባ አለችኝ።

17ኛው ምላሽ፣ የውይይቱ የመጨረሻ የሆነው፣ እንደገና የእኔ ነው። ማመልከቻው ከገባ ከሁለት ወር በኋላ አንድ ቀያሽ ከረዳቱ ጋር መጣ። መሣሪያውን ከወንዙ መካከል አቁሞ ወደ ሁለቱም ዳር ለካ፤ ጎረቤታችንም አጥራቸውን ተደግፈው ሲያዩ ቆዩ። በእርሳቸው በኩል ቀይ ቀለም የተቀባው ችካል ያረፈው ከአጥሩ አንድ ሜትር ከግማሽ ወደ ውስጥ፣ በገረጋንቲው ላይ ነው። በእኛ በኩል ሁለተኛውን ለመትከል ረዳቱ ማድ ቤቱን ዞሮ ዞሮ መሬት አጣ፤ በመጨረሻ ቀያሹ ይቅርታ ጠይቆ ወደ ውስጥ ገባና ችካሉን በምድጃውና በበሩ መካከል መታው። እናቴ ምጣዱን ሁለት ስንዝር ወደ ግድግዳው ገፋችለትና፣ ለእርሱም ለረዳቱም ለጎረቤታችንም ቡና አፈላች። ሁለቱም ወገኖች እስከ ጥር መጨረሻ እንድናነሣ የሚል ደብዳቤ ደርሶናል። ጎረቤታችን ድንጋዩን ለመሸጥ ገዢ እየፈለጉ ነው፤ እኔም የማድ ቤቱን ቆርቆሮ የሚያነሣ አናጺ እየፈለግሁ ነው፤ አንድ ሰው ብንቀጥር ዋጋው እንደሚቀንስ ትናንት በአጥሩ ላይ ተነጋግረናል።